በመስታወት የታየ ጉርሻ

የጡረተኛ ቀን ረዥም ነው፤ ጢሙ ግን ከቀኑ ይፈጥናል። በዚያ ጠዋት አገጬን እየዳበስኩ ወደ ጋሽ ምላጩ ፀጉር ቤት ስወርድ፣ መድኃኒት ቤቱ ማዕዘን ላይ የእህታቸውን ልጅ አገኘኋት። ትልቅ ሻንጣ ይዛለች፤ አያያዟ እንደሚያሳብቀው ሻንጣው ባዶ ነው። ሁልጊዜ ከደንበኛ ጋር ስትሳሳቅ እንጂ እንዲህ አቀርቅራ ስትሄድ አይቻት ስለማላውቅ አስቆምኳት።

«ምነው ልጄ፣ መንገድ አሰብሽ እንዴ?» አልኳት።

«መንገድስ አይደለም መምህር። ዕቃዬን ልሰበስብ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ትልቁ ፀጉር ቤት ወንበር ሰጥቶኛል።»

«አጎትሽ ሰምተዋል?»

«አሁን ልነግራቸው ነው።» ቆም አለች። «የሚሄዱት ወደ እኛ ከሆነ አብረን እንግባ። ሰው ካለ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።»

«ድምፃቸውስ ዝቅ ይበል፤ ምላጩን ማን ዝቅ ያደርግልኛል?» ብላት ፈገግ አለች እንጂ አልሳቀችም። ነገሩ የምር መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

አንባቢ እነዚህን ሰዎች ስለማያውቃቸው ወደ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ላስተዋውቅ። ጋሽ ምላጩ ሠፈሩን ሁሉ ሲላጩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው እጃቸው ይሁን ምላሳቸው እስካሁን አልተጣራም። ራሳቸው መላጣ ናቸው፤ ይህን የሚያነሳባቸው ሰው ግን ጆሮውን ይዞ መቀመጥ አለበት። ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እናቷ፣ የሳቸው ታናሽ እህት፣ ገና በልጅነቷ ነው የሞተችባት። መቀስ አያያዝ ያስተማሯት፣ ትምህርት ቤት የላኳት፣ ሰው አገር ሄዳ ስትሠራ ስልክ እየደወሉ «በልተሻል ወይ?» ይሏት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከሁለት አገር ፀጉር ቤቶች ሙያ ቀስማ ስትመለስ ከወንበራቸው ጎን ሁለተኛ ወንበር አስተከሉላት፤ ለመጣው ለሄደው ሁሉ «የኔ ልጅ» እያሉ አሳዩዋት። ይህ እንግዲህ ከመቅናታቸው በፊት ነው።

ቅናቱን ያመጣው መስታወቱ ነው። በዚያ ቤት ፊት ለፊት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ወጥ መስታወት አለ። እዚያ ፊት የቆመ ሰው አንገቱን ሳያዞር የጎረቤቱን እጅ ያያል። በቤቱ ልማድ ደግሞ ደንበኛው ተስተካክሎ ሲነሳ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ጉርሻውን ላገለገለው ሰው መዳፍ ውስጥ ሸጎጥ ያደርጋል። ሸጎጥ የተደረገ ነገር ለሚቀና ዓይን ሁልጊዜ ብዙ ነው። ጋሽ ምላጩ የሰው አገጭ በእጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው በመስታወቱ ውስጥ የልጅቷን መዳፍ ይከተል ጀመር። ያን ሰሞን ከሳቸው ወንበር የተነሳ ሰው ሁሉ ጆሮው ሥር ጥጥ ለጥፎ ነበር የሚሄደው።

በመጨረሻ አንድ ቀን ወንበሯን ነቀሉና ወደ ኋላ፣ ራስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ መስታወቱ ወደማያሳየው ማዕዘን ወሰዱት። «ለውሃው ይቀርባታል ብዬ ነው» አሉ። ወለሉ ላይ የቀረው ጭረት ግን እንዴት በንዴት እንደተጎተተ ይናገራል።

በሰው ቅናት ስስቅ እኔ ንጹሕ እንዳልመስላችሁ፤ እኔም በዚያ ቤት የምቀናበት ሰው አለኝ። ባለ ሆቴሉ ነው። ከኔ ኋላ መጥቶ ከኔ በፊት ይቀመጣል። ለሱ ፊት እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ትኩስ ፎጣ ይቀርባል፤ ለኔ ፊት ቀዝቃዛው ይበቃል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የሱ ጉርሻ ወፍራም ነው፣ የኔ ግን የጡረተኛ ነው። ያንን እንፋሎት ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

ገባን። ከኋላ ገንዳው አጠገብ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ራስ አጣቢ ፎጣ ታጥፋለች። ጋሽ ምላጩ እኔን በአክብሮት አስቀምጠው፣ ፎጣ አንገቴ ላይ አስረው፣ አረፋውን መቱና ፊቴን ይቀቡ ጀመር። ዓይናቸው መስታወቱ ውስጥ ነው።

«ሻንጣው የማን ነው?» አሉ።

«የኔ ነው ጋሼ። ማሽኔንና መቀሶቼን ልወስድ ነው። ከማዶ ሥራ አግኝቻለሁ።»

ብሩሹ ግራ ጉንጬ ላይ ቆመ። ሽማግሌው ብሩሹን አስቀምጠው ምላጩን አነሱ።

«እንግዲህ ባጎረስኩ ተነከስኩ የሚባለው ይኼ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከማዶ ጉርሻው ይበልጣል አሉሽ?»

«ስለ ጉርሻ አልጠየቅኳቸውም። ጋሼ፣ እዚህ ቤት መተንፈስ አቃተኝ። ደንበኛ ሲያመሰግነኝ እርስዎን እያየሁ እሳቀቃለሁ። ወንበሬን ማዕዘን ሲከቱት ዝም አልኩ። አሁን ግን ሰላምታዬንም አይመልሱልኝም። ይኼን አልችልም። ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?»

«ከኔ ሌላ ሰው ከሌለሽ ደንበኞቼን ለምን ትወስጂብኛለሽ?»

ምላጩ ቀኝ ጉንጬ ላይ አንድ ጊዜ ወረደ። በልቤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ።

«አልወሰድኩም» አለች። «ሰው ወንበር ባዶ ሲያገኝ ይቀመጣል።»

«ስሚኝ ልጄ። በዚህ እጅ ሙሽራ ተላጭቷል፣ ዳኛ ተላጭቷል። ጉርሻ ማለት ደንበኛው ‹እጅህ ይባረክ› ብሎ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። የሰጠኝን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብዬ ተቀብያለሁ። አሁን ምስክሩ ሁሉ ወደ አንቺ ሲዞር፣ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ሙያዬ ሲሞት ማየት ነው እንዴ ሥራዬ?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እውነቱን ልናገርና አዘንኩላቸው። ቀናተኛ ሰው ክፉ ይመስለናል እንጂ ብዙ ጊዜ የፈራ ሰው ነው።

ልጅቷ ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ቀረብ አለች። «ጋሼ፣ ጉርሻ የሙያ ምስክር ቢሆን ኖሮ በየአገሩ ባልተለያየ ነበር። መጀመሪያ በሠራሁበት አገር ጉርሻ እንደ ግዴታ ነው። ባለቤቱ ደሞዝ ሲቆርጥልኝ ‹ቀሪውን ደንበኛ ይሞላዋል› ብሎ አሳንሶ ነው። አንድ ሰሞን ጥርሴን አሞኝ መሳቅ አቃተኝ። እጄ ያው የድሮ እጄ ነው፤ እርስዎ ያስተማሩኝ እጅ። ጉርሻው ግን ጠፋ። ለካ ሲከፈለኝ የነበረው ለመቀሴ ሳይሆን ለጥርሴ ነው።»

«ለጥርስሽማ እዚህም ሲከፍሉሽ አያለሁ» አሉ ጋሽ ምላጩ።

ልጅቷ ቀላች። ሽማግሌውም ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ግን የተናገሩትን የሚመልሱ ሰው አይደሉም። ነገሩ እንዳይከር ብዬ እኔ ገባሁበት።

«ሁለተኛው አገርስ እንዴት ነበር ልጄ?»

«እዚያ ደግሞ ጉርሻ ነውር ነው መምህር። እንደ ደረስኩ ሰሞን የአንዲት ባልቴት ምግብ ቤት ሾርባ ጠጥቼ፣ ትርፍ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሴትዮዋ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሮጠው መለሱልኝ። ረስቼው የሄድኩ መስሏቸዋል። ‹ለእርስዎ ነው› ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ‹ሾርባዬን የሸጥኩልሽ አጉድዬ ነው እንዴ?› አሉኝ። እዚያ ሰው ምስጋናውን የሚገልጸው ጎንበስ ብሎ ነው። በጣም የወደደ እንደሆነ ሌላ ቀን ትንሽ ስጦታ ጠቅልሎ ይመጣል። ለትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ እጅ በእጅ መስጠት ድፍረት ስለሚመስለው በቅርብ ታናሹ በኩል ይልክለታል።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የትኛው ወንዝ ከየት ተነስቶ የት እንደሚፈስ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ጢሙን ለላጨለት ሰው እንዴት ምስጋና እንደሚያቀርብ ግን አንድም መጽሐፍ አልነገረኝም። ስለዚህ አፍሬም ቀንቼም አዳመጥኩ።

«ይገርማል!» አሉ ጋሽ ምላጩ። «አንዱ አገር ካልሰጠህ ነውር፣ ሌላው አገር ከሰጠህ ነውር። ታዲያ ሰው ምን ይሁን?»

«በሄደበት ጠይቆ እንደ አገሩ ይሁን ጋሼ። ጉርሻውን ሂሳቡ ላይ ራሱ የሚደምር አገር አለ፤ ዝርዝሩን ‹ያዘው› ብሎ የሚሄድ አገር አለ። አንዱ ልማድ ከሌላው አይበልጥም። ክፋቱ ሰው ያልሰጠህን ወይም የሰጠህን ቆጥረህ ልቡን ያወቅህ ሲመስልህ ነው።»

«እኛስ ብንሆን» አልኩ አረፋው አፌ እየገባ፣ «ሻንጣ ለተሸከመልን እንሰጣለን፤ አውቶቡስ ለነዳልን አንሰጥም። ማን ወሰነው? እኔ ስንት ትውልድ ሳስተምር አንድ ተማሪ ጉርሻ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

«ጥሩ አስተምረው ቢሆን ኖሮ ይሰጡዎት ነበር» አሉ ጋሽ ምላጩ። እትዬ ከኋላ ፎጣዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም በምላጭ ሥር ሆኜ መልስ መስጠት ስለማልችል ዋጥኩት።

ሳቁ ግን ሽማግሌውን አላበረዳቸውም። እንዲያውም የታመቀው ነገር ያኔ ፈነዳ።

«ልብ አወቅሁ አትበል አልሽኝ? እሺ! ያ ድልድዩን ሊያድስ የመጣው እንግዳ መሐንዲስ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሕፃን እንደማጥብ ተጠንቅቄ ላጨሁት። ተነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ ወጣ። ወገቡን እንጂ ኪሱን አልነካም! በሳምንቱ ተመልሶ ግን ለአንቺ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ሲሰጥሽ በዚህ መስታወት በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ሥራው የኔ፣ ጉርሻው የአንቺ! ይኼን አይቶ የማይቃጠል ሆድ ካለ አምጪልኝ!»

ወንበሯ የተነቀለው በዚያው ማግስት እንደነበር እኔም አሁን ገባኝ።

ልጅቷ ወደ ሎሽኑ መደርደሪያ ተራመደች። «ጋሼ፣ ያ ጥቅል እኮ የእርስዎ ነው። እሱ የመጣው ከዚያ ከሁለተኛው አገር ነው። ያን ዕለት ልሰጥዎት ስመጣ ‹የሰው ትርፍራፊ አልፈልግም፣ ሀብትሽን ያዥ› ብለው ፊትዎን አዞሩብኝ። ደግሜ ሳነሳው ‹ስሙን እንዳትጠሪው› አሉኝ። ይኸው እስካሁን አልተፈታም።»

ከሎሽኑ ጠርሙሶች ጀርባ እጇን ሰዳ፣ አቧራ የለበሰ ጥቅል አወጣች። በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ክሩን በምላጫቸው በጠሱት። ከወረቀቱ ውስጥ አንድ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል ድንጋይ ወጣ። የምላጭ መሳያ ነው።

ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ ምላጩ ግን ድንጋዩን ወደ ላይ አንስተው ጮኹ፦

«አያችሁ? ምላጭህ ደንዟል ማለቱ ነው! ጉርሻ መከልከሉ ሳያንሰው ስድብ ጠቅልሎ ላከልኝ!»

እትዬ ከዚህ በኋላ መቻል አቃታት፤ ገንዳው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳልወድ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ቅናት እንዲህ ያለ በሽታ ነው፤ ማር ቢያቀምሱትም ሬት ነው ይላል።

«ስድብ አይደለም ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ እሷም በእንባና በሳቅ መሐል ሆና። «የአያቱ ነው። አያቱ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ‹ዛሬ ሁሉም በሚጣል ምላጭ ነው የሚሠራው፤ ምላጩን ራሱ ስሎ የሚላጭ ሰው ካያቴ ወዲህ ያየሁት እዚህ ነው› አለኝ። እኔ የምሠራው በማሽን ነው። ይኼ ድንጋይ ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሽ ምላጩ አውራ ጣታቸውን በድንጋዩ ላይ አሳለፉ። መሐሉ ስርጉድ ብሏል፤ የብዙ ዘመን ምላጭ የበላው ነው። አንድ ጊዜ ደገሙት፤ ከዚያ እንደገና። ጣታቸው ከጆሯቸው ቀድሞ ያመነ ይመስለኛል። ቀስ ብለው የወንበሬ ክንድ ላይ ተቀመጡ። ፊቴ ላይ ያለው አረፋ መድረቅ ጀምሯል፤ እሱን የሚያስታውስ ግን የለም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እሱስ እሺ፣ አንድ ሰው ነው። ሌሎቹ የሚሸጉጡልሽስ?»

ይህን ጊዜ ነው ፈጽሞ ያልጠበቅነው ሰው የተናገረው።

«የሚሸጉጡላት ግማሹ የኔ ነው» አለች እትዬ።

ጋሽ ምላጩ እሷን ፍለጋ መስታወቱ ውስጥ ተመለከቱ። መስታወቱ ግን ገንዳውን አያሳይም። ለዚያች ሴት መልስ ለመስጠት ፊታቸውን ማዞር ነበረባቸው፤ ዞሩ።

«ምን አልሽ?»

«ልጅቷ በየማታው ታካፍለኛለች። እንዳልናገር ስላስማለችኝ ነው ዝም ያልኩት። እርስዎን እንዳላስከፋ ብላ ነው። ጋሼ፣ እኔ የሰውን ራስ ሳጥብ ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል። ማን እንዳጠበው አያይም። ተነስቶ ወደ እናንተ ወንበር ይሄዳል፤ ጉርሻውም እዚያው ይቀራል። እናንተ በመስታወት ስትተያዩ እኔ የማየው ጀርባችሁን ነው። እርስዎ በሷ ቀናሁ ይላሉ፤ እኔ በእርስዎ ስቀና የኖርኩትንስ ለማን ልናገር?»

«በኔ?» አሉ ጋሽ ምላጩ። «በኔ የሚቀና ሰው አለ?» ከመደንገጣቸው ጋር ትንሽ ደስ ያላቸውም መሰለኝ።

«አለ እንጂ! እንዲያውም...» እትዬ ጣቶቿን አቆላለፈች። «እንዲያውም ከተነሳ አይቀር ልናገረው። ወፍራም ጉርሻ የሚሰጡዎት ደንበኞች ሲመጡ ውሃውን ትንሽ አቀዘቅዘዋለሁ።»

ባለ ሆቴሉ በመጣ ቁጥር «እትዬ፣ ውሃው!» እያለ ሲንዘፈዘፍ ትዝ አለኝና አረፋዬ ውስጥ ፍንድት ብዬ ሳቅሁ። በዚያች ቅጽበት ያችን ሴት ልስማት ደረስኩ።

ጋሽ ምላጩ ግን አልሳቁም፤ አልጮሁምም። እትዬን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ጭረት አዩ። «ለካ ከውጭ ሲታይ እንዲህ ያስጠላል» አሉ። «እኔ ወንበር ነቀልኩ፤ አንቺ ውሃ አቀዘቀዝሽ። አንድ ነን።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር እንደ ፊተኛው የንዴት አልነበረም። ሰው ልቡ ሲከፈት ጥያቄው ይበዛልና፣ ሽማግሌው እየጠየቁ ልጅቷ እየመለሰች ረዥም ጊዜ ቆዩ። አረፋዬ ሲደርቅ እትዬ በእርጥብ ፎጣ ታለሰልስልኝ ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል ትያለሽ?» አሉ።

«መጀመሪያ የእትዬ ደሞዝ ሙሉ ይሁን። ለዚህ የመላጫው ዋጋ ትንሽ ከፍ ይበልና ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፍ። ደሞዝ የባለቤት ዕዳ ነው፤ በደንበኛ ቸርነት መሸፈን የለበትም። ከዚያ አንድ ጣሳ በሩ አጠገብ ይቀመጥ። የፈለገ በመውጫው ላይ ይጨምርበታል፤ ያልፈለገ ወይም በአገሩ ልማድ የማይሰጥ ሰው ማንም ሳያየው ይወጣል። የተገኘውን ሦስታችንም እንካፈላለን።»

«ሰነፍ የታታሪን ላብ ሊበላ?»

«ሦስት ሰው ነን ጋሼ፣ በአንድ ክፍል። ሰነፍ ካለ ያለ ጉርሻም እናውቀዋለን።»

«ደንበኛውስ ደስ ይለዋል? ፊቴን እያየ መስጠት ለምዷል።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ያንን ፊትዎን ስፈራው ኖሬያለሁ» አልኳቸው። «የጡረታዬን ያህል ስሰጥ ፊትዎ ይጨልማል። ባለ ሆቴሉ ሲሰጥ ይበራል። ያንን ስለምፈራ ጢሜን የምላጨው ሲያሳክከኝ ብቻ ነው። እሱ ከኋላዬ መጥቶ ሲቀድመኝ ደግሞ የሱ ጉርሻ ምስጋና መሆኑ ቀርቶ የወረፋ መግዣ ይሆናል። ለዚህ ሌላ ስም እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን።»

«ጉቦ ነው የሚሉኝ?»

«እርስዎ አሉት እንጂ እኔ አላልኩም። እኔ የምጠይቀው ስለ ትኩስ ፎጣው ብቻ ነው።»

ጋሽ ምላጩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የጣሳውን ቁልፍስ ማን ይይዛል?»

«እትዬ ትያዝ» አለች ልጅቷ።

«ውሃ የምታቀዘቅዘው?»

«ከዛሬ ጀምሮ ብታቀዘቅዝ የምታቀዘቅዘው የራሷን ጉርሻ ነው።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ያሸነፋቸው ይህ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥሩ መልስ ሲሰሙ የማይወዱ ሰው አይደሉም። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ወደ ባዶው ሻንጣ ተመለከቱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ከማዶ ላሉት ቃል ሰጥተሻል?»

«አስቤ እነግራችኋለሁ ብያለሁ።»

«መሄድሽ ትክክል ነው። ማዕዘን ውስጥ የተጣለ ወንበር ላይ ማን ይቆያል? እናትሽ ስትሞት ‹አደራ› ያለችኝ አንቺን እንጂ ደንበኛ አይደለም። ረሳሁት። ቅናት አስረሳኝ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ተነስተው ወደ ማዕዘኑ ሄዱ። የወንበሯን እግር ይዘው ለማንሳት ታገሉ፤ ብረት ነው፣ አልነቃነቅ አላቸው። ዞረው እኔን አዩኝ።

«መምህር! ምን ተቀምጠው ያያሉ? ይነሱ እንጂ!»

ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ለብሶ፣ ፎጣ አንገቴ ላይ እንደታሰረ ተነሳሁ። እሳቸው በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው፣ ልጅቷና እትዬ ከኋላ ሆነን፣ ያንን ወንበር በመጣበት ጭረት ላይ እያስኬድን ወደ መስታወቱ ፊት መለስነው። መንገደኞች በመስኮቱ አሻግረው እያዩን ይስቁ ነበር። ይሳቁ! እኔ ዕድሜ ዘመኔን ካስተማርኩት ይልቅ ያንን ወንበር በማንሳቴ እኮራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ወራት አለፉ። አንድ ሰው እንኳ ቢማርበት ብዬ ያየሁትን ልጻፍ። ጣሳው የብስኩት ጣሳ ነው፤ ክዳኑ ላይ ሽማግሌው ራሳቸው የገንዘብ ማስገቢያ ቀደዱለት። ደንበኛ በመጣበት ተራ ይገባል። እንግዳ ሰው ‹እሰጥ ይሆን፣ አልሰጥ ይሆን› ብሎ አይጨነቅም፤ ዋጋው ግድግዳው ላይ አለ። ባለ ሆቴሉ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ ውሃው ሲሞቅለት ግን ዝም አለ። እትዬ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ማንንም ሳትለምን ከፈለች። ደንበኛውም በዛ፤ ኪሱ የሳሳ ሰው ፊት አይቶ ማፈር ሲቀርለት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አባቶች ይህን ጣሳ ያዩ ይመስላሉ። መሐንዲሱም ተመልሶ መጣ፤ በአያቱ ድንጋይ በተሳለ ምላጭ ተላጨ። ሲነሳ ጎንበስ አለላቸው፤ ጋሽ ምላጩም እሱን ለመብለጥ ብለው እስኪያማቸው ድረስ ጎነበሱ። ቅናት ጨርሶ ለቀቃቸው አልልም።

ሻንጣው ወደ ማዶ ሳይሻገር ገንዳው ሥር ቀረ። እትዬ ንጹሕ ፎጣ ታስቀምጥበታለች፤ ትኩሱ ፎጣ ለኔም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ደንበኛ ልማዱ ሆኖበት፣ ሲወጣ የወረቀት ገንዘብ ጋሽ ምላጩ መዳፍ ውስጥ ሸጎጥ አደረገ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ጨብጠው ቆሙ። ቀና ሲሉ ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻቸው ነው። ከኋላ ደግሞ እትዬ አለች፤ መስታወቱ ባያሳያትም አሁን መኖሯን ያውቃሉ። ወደ በሩ ሄደው ገንዘቡን ጣሳው ውስጥ ጣሉት፤ ሲመለሱም ወደ ገንዳው ዞር ብለው አዩ።

«ቀጣይ ይምጣ!» አለች እትዬ። «ውሃው ሞቋል!»